የጋሽ መዶሻ ጥጥ

ጋሽ መዶሻ ይህን ስም ያገኙት በሥራቸው ብቻ አይምሰላችሁ። እርግጥ ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን የተጋጨ የመኪና ቦዲ እየቀጠቀጡ ሲያቃኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የተሰረጎደ በር፣ የተጨማደደ ኮፈን እጃቸው ላይ ከወደቀ እንደነበረ ይሆናል። ስሙ የወጣላቸው ግን በምላሳቸው ነው። አንድ ሰው ከሳቸው የተለየ ሐሳብ ካነሳ፣ ሐሳቡ ገና ከአፉ ሳይወጣ ቀጥቅጠው ይመልሱለታል። "ጨረስክ?" ይሉታል። ሰውየው የት ጨርሶ! ገና መጀመሩ ነው። ግን እሳቸው "ጨረስክ?" ካሉ በኋላ የሚቀጥል ጀግና በጋራዡም በሰፈሩም አልተገኘም።

ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ለነገሩ መላ ነበረው። ጨዋታው ሲከር፣ የጋሽ መዶሻ የአንገት ሥር መገታተር ሲጀምር፣ ሴትየዋ ከጠረጴዛው ሥር ጉልበታቸውን ጫን ያደርጉላቸዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጋሽ መዶሻም ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ጉልበታቸውን የሚጫንላቸው ጠፋና ሰውየው ልጓም አጡ።

የቀረቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ነች። እሷ አዋላጅ ነች፣ ባሏ መምህር ነው። ጋሽ መዶሻ እሑድ እሑድ ምሳ የሚበሉት እነሱ ቤት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁትም ያችን ምሳ ነው። ታዲያ ምሳው ላይ አማችዬውም አለ። ረጋ ያለ፣ ሲናገር ቃል የሚመርጥ፣ ጣቶቹን እያጋጠመ የሚያስብ ልጅ ነው። ጋሽ መዶሻን የሚያናድዳቸውም ይኸው መርጋቱ ነው። ኧረ ሰው እንዴት ተሳስቶ ይረጋል!

አንድ እሑድ ሬዲዮው አሮጌው የአውቶቡስ መናኸሪያ ሊፈርስ ነው ብሎ ተናገረ። መምህሩ ጣቶቹን አጋጠመና "ቢፈርስ ጥሩ ነው። ጠቦ ሰው እየተጋፋበት…" ሲል ገና፣

"ጨረስክ?" አሉ ጋሽ መዶሻ።

"አይ አባባ፣ ማለት የፈለግኩት…"

"ማፍረስ! ማፍረስ ብቻ! የናንተ ትምህርት ይኸው ነው! የጎበጠ ይቃናል እንጂ ይጣላል እንዴ?" ብለው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ቢደልቁት የውሃው ማንቆርቆሪያ ዘሎ ወለል ላይ ተፈረከሰ። መስታወት ነበር። ልጃቸው ስብርባሪውን ልትለቅም ስታጎነብስ መዳፏን ቆረጣትና ደሟ በጣቶቿ መሐል ወረደ። እንግዲህ አስቡት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አውቶቡስ ተሳፍረውበት ለማያውቁት መናኸሪያ የልጃቸውን እጅ አደሙ።

ልጅቷ አልጮኸችም። እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳታቋርጠኝ።"

"መቼ አቋረጥኩሽ እኔ!"

"ይኸው።"

ጋሽ መዶሻ አፋቸውን ዘጉ።

"ከዛሬ በኋላ እዚህ ቤት ውስጥ ጮኸህ አንዲት ቃል ብትናገር የመጨረሻህ ነው። መጥተህ ብታንኳኳ አልከፍትልህም። አባቴ ነህ፣ እወድሃለሁ፣ ግን አልከፍትልህም።"

ይህች ልጅ የእናቷን ዝግታና የአባቷን ግትርነት አንድ ላይ የወረሰች ናት። አልከፍትም ካለች አትከፍትም። ጋሽ መዶሻ ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እግራቸው ከበዳቸው። ቤታቸው ገብተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚያዩት ግድግዳ ብቻ ነው። ያ በር ከተዘጋባቸው ወዴት ይሄዳሉ? ማን አላቸው? "በቃ!" አሉ ለግድግዳው። "እለወጣለሁ። ቆርጫለሁ።" ጋሽ መዶሻ ደግሞ ቆረጥኩ ካሉ ቆረጡ ነው፤ ክፋቱ በምን እንደሚቆርጡ አላሰቡበትም።

በማግስቱ ጋራዥ ሲገቡ በቀጥታ የሄዱት ወደ ቀለም ቀቢው ነው። ይህ ሰው ከሳቸው ጎን ያለችው ክፍል ውስጥ ጋሽ መዶሻ ያቃኑትን መኪና ቀለም ይቀባል። እሳቸው ነጭ ካሉ እሱ ጥቁር ነው። ለእልህ እንኳ አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው።

"ስማ፣ ተቃወመኝ" አሉት።

"ምን አሉኝ ጋሼ?"

"ሐሳቤን ተቃወመኝ። አንተ ትናገራለህ፣ እኔ ደግሞ አለመቆጣት እለማመዳለሁ።"

"እስከ ዛሬስ ምን ስሠራ ኖሬያለሁ?" አለ ቀለም ቀቢው። ግን ነገሩ ጥሞታል። መርጫውን አስቀምጦ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ተመቻችቶ ቆመ። "እሺ። ከእርስዎ ሥራ የኔ ይበልጣል። እርስዎ የሚቀጠቅጡትን ማን ያየዋል? ሰው የሚያየው ቀለሜን ነው። መኪናው ሲያምር የሚመሰገነው…"

"ጨረስክ?"

"ጋሼ!"

"አመለጠኝ። እንደገና።"

እንደገናም አመለጣቸው። ከዚያ ቀጥሎም እንዲሁ። ቀለም ቀቢው አስቦ አስቦ መላ አመጣ፦ ውሃ ይጎንጩ፣ ሳይውጡት አፋቸው ውስጥ ይያዙት፣ አፉ የሞላበት ሰው መናገር አይችልም። ጋሽ መዶሻ ተጎነጩ። ጉንጫቸው ተነፋ። ቀለም ቀቢው ጉሮሮውን ጠርጎ "የዛሬ መኪና ቆርቆሮ አያስፈልገውም፤ ፕላስቲክ ይበቃዋል" አለ።

ውሃው ሄዶ ያረፈው ገና ጠዋት የተቀባ፣ ያልደረቀ ቀይ በር ላይ ነው። ቀለም ቀቢው በሩን አየ፣ ጋሽ መዶሻን አየ፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ እግሩን መሬት ላይ ደበደበ። ያን ቀን የተቆጣው እሱ ነው፤ ጋሽ መዶሻ አንገታቸውን ደፍተው ሲሰደቡ ዋሉ።

እንዲህ እያሉ እሑድ ደረሰ። ሄዱ፣ ከንፈራቸውን ነክሰው በሉ፣ ምግቡ ሳይወርድላቸው ቶሎ ተነሥተው ወጡ። ጮኸው ባይናገሩም ፊታቸው ይጮኽ ነበር። ልጅቷ በሩ ላይ ስትሸኛቸው ፊታቸውን አየችው። እንዲህ ሆነው የትም እንደማይደርሱ ገባቸው።

መፍትሔው የመጣው ሳያስቡት ነው። ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ የሚያወጣው ድምፅ አእምሮ ያዞራል። ስለዚህ ጋሽ መዶሻ ሥራ ሲጀምሩ ሁሌም ጥጥ አድበልብለው፣ ግሪስ ለወስ አድርገው ሁለቱንም ጆሯቸውን ይደፍናሉ። ቀኝ ጆሯቸው ለነገሩ ድሮ ነው የደከመው፤ ግራው ብቻ ነው ደህና የሚሰማ። ጥጡ ሲገባ ዓለም ጸጥ ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ መዶሻውን አስቀምጠው ጥጡን ሳያወጡ ቀና ቢሉ ቀለም ቀቢው ፊታቸው ቆሞ እጁን እያወናጨፈ ያወራል። አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። አንዲት ቃል አልሰሙም። ደማቸውም አልፈላም፣ አንገታቸውም አልተገታተረም። ይልቁንስ ፊቱን አዩት። ዐይኑ ዳር የሳቅ ሽብሽቦች አሉት። ሲናገር ቅንድቡ ከፍ ዝቅ ይላል። "ለካ ይሄ ሰው ፊቱ ደስ ይላል!" አሉ በልባቸው። ስንት ዓመት አብረው ሠርተው ፊቱን አይተውት አያውቁም ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁለት። ሰውየው ደነገጠና ንግግሩን አቋርጦ አፍጥጦባቸው ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ ጋሽ መዶሻ የሱፍ ቆባቸውን እስከ ጆሯቸው አውርደው ልጃቸው ቤት ገቡ። "ጆሮዬን ብርድ መትቶኛል" አሉ። ከቆቡ ሥር ጥጡ አለ።

እንዴት ያለ ምሳ ነበር! መምህሩ ጣቶቹን አጋጠመና ተናገረ፣ ተናገረ። ጋሽ መዶሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጃቸው ስትስቅ ሳቁ። ፊቷ ሲኮሳተር ኮስተር አሉ። ጥጥ የጠቀጠቀ ሰው ድምፁን መመጠን ስለሚያቅተው ከአንድ ቃል በላይ አይናገሩም፤ "እውነት ነው" ይላሉ ዝቅ አድርገው፣ ወይም "ይሆናል"። ምግቡ ጣማቸው። ልጃቸው ሳህናቸውን ስትሞላላቸው እጇ ትከሻቸው ላይ አረፍ አለ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ያደረገችው አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ነው።

የሚቀጥለውም እሑድ እንዲሁ ሆነ፣ የሚቀጥለውም። መምህሩ ራሱ አማቱን ሲያይ ፊቱ ይፈካ ጀመር፣ ወንበር ይስብላቸዋል። ጋሽ መዶሻ ደረታቸውን ነፍተው ጋራዥ ይገባሉ። "ሰው ከቆረጠ የማይችለው የለም!" ይላሉ። ምስጢሩን የሚያውቀው ቀለም ቀቢ "ጥጡ ቻለ እንጂ እርስዎ ምን ቻሉ" ቢላቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። በጥጥም ይሁን በጨርቅ፣ በሩ ተከፍቶላቸው የለ?

ታዲያ አንድ እሑድ ምሳው ከተነሣ በኋላ ልጃቸው ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። መናገር ጀመረች። ረጅም ነገር ነበር። መሐሉ ላይ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች፣ እንባዋም መጣ። ጋሽ መዶሻ ልባቸው ስንጥቅ አለ። እጅ ሆድ ላይ፣ እንባ፣ ባልየውም አንገቱን ደፍቷል፤ ይህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ልጅ ነው! አያት ሊሆኑ ነው! ጥጡን ያውጡት? እንዴት ብለው? አውጥተው ካሳዩማ ጉዳቸው ሊፈላ ነው። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። የሳቸውም ዐይን በእንባ ተሞላ። ቃል አልተነፈሱም። እሷ አሁንም ብዙ ተናገረች፣ ባሏም ጨመረበት፣ በመጨረሻ ሁለቱም ዐይን ዐይናቸውን እያዩ ዝም አሉ፣ መልስ የሚጠብቅ ሰው እንደሚያደርገው።

"መልካም ነው!" አሉ ጋሽ መዶሻ። "በርቱ።"

ልጃቸው አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። መምህሩ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ አልለቅ አለ።

በማግስቱ ጋራዥ ውስጥ ሌላ ሥራ የለም። ጋሽ መዶሻ ለራሳቸው ያስቀመጡትን ንጹሕ ቆርቆሮ አወጡ፣ ለኩ፣ ቆረጡ። የሕፃን ገላ መታጠቢያ ገንዳ ሊሠሩ ነው። ጠርዙን ወደ ውጭ አጠፉት፣ ሕፃኑን እንዳይቆርጠው። ጀርባ የሚያርፍበትን ጎን ዘንበል አደረጉት። በመዶሻ ሳይሆን በእንጨት መቀጥቀጫ በቀስታ እያንኳኩ አለሰለሱት። "ቀለሙ ምን ይሁን?" አለ ቀለም ቀቢው። "አንተ የፈለግከው" አሉት። ሰውየው መርጫውን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ጋሽ መዶሻ ቀለም ምረጥ ሲሉ ሰምቶ አያውቅማ።

ገንዳዋ ተንጠልጥላ ቀለም እየጠበቀች ሳለ መምህሩ አሮጌ መኪናውን እየነዳ ጋራዥ መጣ። የኋላው በር ተሰርጉዷል።

"ይቺ ገንዳ ለማን ናት አባባ?" አለ ሰላም እንዳላቸው።

"ለማን ትሆናለች!" ብለው ጠቀሱት።

መምህሩ አልሳቀም። ገንዳዋን አየ፣ ፊቱ ጥቁር አለ፣ ከዚያ ዞር ብሎ በሩን አሳያቸው። "ይቺን ከጉዞው በፊት ቢያቃኑልን ብዬ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ አቧራ ያስገባል።"

"የቱ ጉዞ?"

"የኛ ነዋ። ቤቱን እንደምንለቅ ለአከራዩ ነግረናል፤ በወሩ መጨረሻ እንወጣለን። እሷ የሥራ ደብዳቤዋን ተቀብላለች፣ እኔም እዚያው ካለው ትምህርት ቤት ጋር ተነጋግሬያለሁ።" ከዚያ ጣቶቹን አጋጠመና ድምፁ ለስለስ አለ። "አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይፈቅዳሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። እሷም ፈርታ ነበር። 'በርቱ' ሲሉንማ…"

ጋሽ መዶሻ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ አልነበረም። ሁሉንም ሰሙ። ደማቸው ከእግራቸው ተነሥቶ ራሳቸው ላይ ወጣ። እጃቸው ላይ መዶሻው አለ። "ማን ፈቀደ? ማን?" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ ቃሉ ግን ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ማን እንደ ፈቀደ ያውቁታል። በርቱ ያሉት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን፣ አንድ ልጃቸውን፣ በገዛ አፋቸው ሂጂ ብለው አሰናብተዋታል፣ ያውም በደስታ። መዶሻውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

"መኪናውን ተወው፣ ነገ ይደርሳል" አሉ።

መምህሩ ሲሄድ ቀለም ቀቢው ከክፍሉ ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል። ለቀልድ የተዘጋጀ አፉን ፊታቸውን ሲያይ ዘጋው።

"ምን ሊያደርጉ ነው?" አላቸው።

"አላውቅም። ሄጄ አልፈቀድኩም ልበላት?"

"ሊሏት ይችላሉ።"

"ከዚያማ አትከፍትልኝም።"

"ታዲያ ዝም ይበሉዋ፣ እንደ ፈቀዱ ይሁን። ደስ ብሏት ትሂድ፣ እርስዎም ደግ አባት ተብለው ይቅሩ።"

ጋሽ መዶሻ አሰቡት። ዕድሜ ልካቸውን ይህን ሰው ተሳስተሃል ሲሉት ኖረዋል፤ ይህኛው ሐሳቡ ግን ምንም እንከን አይወጣለትም፣ ለሁሉም ይመቻል። ሆኖም ልጃቸው አንገታቸው ላይ ስትጠመጠም ትዝ አላቸው። ያቀፈችው አንድ የሰማትን አባት ነው። ያ ሰው እዚያ አልነበረም። እሷ ግን ይዛው ልትሄድ ነው።

"አይሆንም" አሉ። "አልሰማሁሽም ነበር እላታለሁ። ከዚያ እሰማታለሁ። ብትገድለኝም እሰማታለሁ።"

"ይችሉታል?"

"አልችለውም። ግን አደርገዋለሁ።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጃቸው ቤት ደረሱ። ቤቱ ውስጥ ካርቶን በካርቶን ላይ ተቆልሏል፣ መጋረጃው ወርዷል። ልጃቸው ሳህኖችን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር፤ ስታያቸው ፊቷ በራ። ጋሽ መዶሻ ቆባቸውን አወለቁ፣ ከኪሳቸው ሁለቱን ድቡልቡል ጥጦች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ግሪሱ ደርቆባቸው ጠቁረዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጆሮዬ ውስጥ የነበረ ነው። እሑድ እሑድ። ከማንቆርቆሪያው ወዲህ በነበሩት እሑዶች አንዲት ቃል አልሰማሁም። መጮህ ፈራሁ፣ በሩ እንዳይዘጋብኝ ፈራሁ። ብርድ መትቶኛል ያልኩሽ ውሸት ነው።"

ልጅቷ የያዘችው ሳህን እጇ ላይ ቀረ።

"ምኑንም አልሰማህም?"

"ምኑንም።"

"ያን ዕለትስ? የነገርኩህን? ምኑንም?"

"ምኑንም፣ ልጄ።"

ሳህኑን አስቀመጠችና ባሏን አየችው፤ ባሏም ወለሉን አየ። ከዚያ አለቀሰች፤ ያን ዕለት እንዳለቀሰችው ግን አይደለም፣ በንዴት ነበር። "በዕድሜዬ አንድ ቀን አባቴ ሰማኝ ብዬ! አንድ ቀን!" አለች። "ሂድ። እባክህ ሂድ።"

"አልሄድም። ድገሚልኝ።"

"አልደግምም!"

"እጠብቃለሁ" አሉ ጋሽ መዶሻ፣ ያልታሸገች አንዲት ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ልጅቷ ሳህኖቿን ጠቀለለች። ካርቶን አሸገች። በሳቸው ጎን ስታልፍ ሆን ብላ ትገፋቸዋለች። ተገፉ። መምህሩ ውሃ አምጥቶላቸው ነበር፣ አመስግነው ጠጡ። አስቡት፣ ጋሽ መዶሻ አማቻቸውን ሲያመሰግኑ! ብርሃኑ ከመስኮቱ ወደ ወለሉ ወረደ። እሳቸው አልተነሡም።

በመጨረሻ ልጃቸው ካርቶን ላይ ተቀመጠች። በዚህኛው ዙር ነገሩን አላለሰለሰችውም።

"ሐሳቡ የሱ አይደለም፣ የኔ ነው" አለች። "እሱ ነው የሚወስዳት ብለህ እንዳትጠላው። የምሄድበት ቦታ አንዲት አዋላጅ የለችም። እዚህ እኔ ብቀር ሌላ ሰው ይተካኛል፣ እዚያ ግን ማንም የለም። አንደኛው ይሄ ነው።"

ጋሽ መዶሻ አፋቸው ላይ የተሰለፈ ነገር ሞልቷል። እነሱ አዋላጅ ከሌላቸው አንቺ ምን አገባሽ? ሰው አባቱን ጥሎ የማያውቀውን ሰው ያዋልዳል? አንገታቸው ተገታተረ። እጃቸውን ወደ ገዛ ጉልበታቸው ላኩና ጫን አደረጉት፣ ሚስታቸው ያደርጉት እንደነበረው። ያዙት።

"ሁለተኛው አንተ ነህ" አለች።

ጉልበታቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙት።

"አንድ ነገር ላስብ እጀምራለሁ። ገና ሳልጨርሰው አንተ ጭንቅላቴ ውስጥ ገብተህ ትመልስልኛለህ። ምን ልልበስ፣ ምን ልሥራ፣ ማንን ላግባ፤ ሁሉም ላይ ድምፅህ አለ። ራሴን መስማት አልቻልኩም፣ አባዬ። ጥጥ የሚያስፈልገኝ እኔ ነበርኩ። ሩቅ ብሄድ ምናልባት የራሴን ድምፅ እሰማዋለሁ ብዬ ነው።"

ይህን ያህል የሚያም ነገር ተነግሯቸው አያውቅም። ጋሽ መዶሻ ተነሥተው መውጣት አማራቸው። መጮህም አማራቸው፣ እኔ ምን አጠፋሁ፣ አሳድጌ፣ አስተምሬ ብለው። ሁሉም እውነት ነው፣ እሱን ማንም አይክዳቸውም። የሷ ደግሞ ሌላ እውነት ነው፣ እሱም ፊታቸው ካርቶን ላይ ተቀምጦ ያያቸዋል። በመዶሻ የማይቃና ነገር ነው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ።

"ምን ትላለህ?" አለች ልጃቸው። መዳፏ ላይ የማንቆርቆሪያው ጠባሳ ይታያል።

"አልስማማም" አሉ። "ካንቺ ርቄ መኖር አልፈልግም፤ መሄድሽ ልክ ነው ብዬም አላምንም። ነገም አላምንም። ግን የነገርሽኝ ገብቶኛል። የምትሄጅው አንቺ ነሽ፣ የምትወስኝውም አንቺ ነሽ። የመኪናውን በር ነገ አቃናዋለሁ፣ አቧራ አያስገባም።"

ልጅቷ ጠረጴዛውን አየች። እስከ ዛሬ "አልስማማም" ሲሉ ጠረጴዛው ይዘል ነበር፤ ዛሬ ጠረጴዛው ባለበት ነው።

"ያን ዕለት ታዲያ ምን መስሎህ ነው በርቱ ያልከን?" አለች።

"ልጅ ነዋ" አሉ አፍረው። "እጅሽን ሆድሽ ላይ አየሁ። ስታለቅሺም የደስታ መሰለኝ። ገንዳ ሁሉ ሠርቻለሁ፣ ለገላው መታጠቢያ።"

መምህሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ልጃቸው መጠቅለያ ጋዜጣውን በእጇ ጨመደደችው። ጋሽ መዶሻ እሷን አዩ፣ እሱን አዩ። አንድ የሳቱት ነገር እንዳለ ገባቸው፣ ምን እንደሆነ አላወቁም።

"ጨረስሽ?" አሏት።

ልጅቷ ሰውነቷ ደንገጥ አለ። ይህን ቃል ታውቀዋለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አፏን የዘጋው እሱ ነው።

"እንደ ድሮው አይደለም" አሉ ፈጠን ብለው። "ካልጨረስሽ ቀጥይ ማለቴ ነው።"



"አልጨረስኩም" አለች። "ያን ዕለት ያለቀስኩት ስለ ጉዞው አልነበረም። አምና ሳይወለድ ስለ ሞተብን ልጃችን እየነገርኩህ ነበር። ለማንም አልነገርንም፤ መጀመሪያ የነገርኩት ላንተ ነው። ምንም አላልከኝም፣ እጄን ብቻ ያዝከኝ፣ አብረኸኝ አለቀስክ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ የያዘኝ። ደግሜ ልነግርህ እችል እንደሆነ አላውቅም።"

ጋሽ መዶሻ ተነሡ። ወንበራቸውን አንሥተው ካርቶኑ አጠገብ አደረጉት። ዞር አድርገውም አስተካከሉት፣ ደህና የሚሰማው ግራ ጆሯቸው ወደሷ እንዲሆን። ከዚያ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉላት።

"ንገሪኝ" አሉ።